የአየር ንብረት ስጋትን ለባለሀብቶች የመተንተን ሙያ፡- ዓለም አቀፍ ፍላጎቱና የኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ድርሻ

አንድ አገር ከዓለም አቀፍ የገንዘብ ገበያ ብድር ሲጠይቅ የሚታሰብበት ወለድ በዕዳው መጠን፣ በወጪ ንግዱና በበጀቱ ሁኔታ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የዝናቡ መዋዠቅ፣ የወንዞቹ መሙላትና መጉደል፣ የሰብሉ ለድርቅ መጋለጥ ጭምር በአበዳሪዎች ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የቢዝነስ ትምህርት ቤትና ሶአስ በመባል የሚታወቀው ዩኒቨርሲቲ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2018 ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። በጥናቱ መሠረት ለአየር ንብረት ለውጥ ይበልጥ የተጋለጡ ታዳጊ አገሮች በዚሁ ተጋላጭነታቸው ሳቢያ በአማካይ 1 ነጥብ 17 በመቶ ተጨማሪ ወለድ ይከፍላሉ። ጥናቱ ከመቅረቡ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በመንግሥት ዕዳ ላይ ብቻ የከፈሉት ተጨማሪ ወለድ 40 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስም ተገምቷል።

ጥናቱ ትኩረት ያደረገው "ቪ 20" በሚል መጠሪያ እ.ኤ.አ በ2015 በፔሩ ርዕሰ ከተማ ሊማ የተሰባሰቡ የተጋላጭ አገሮች የገንዘብ ሚኒስትሮች ቡድን ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከ20ዎቹ መሥራች አባላት አንዷ ናት። ለማነጻጸር ያህል፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ በታህሣሥ ወር 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም አቀፍ ገበያ ያቀረበችው ቦንድ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ወለዱም 6 ነጥብ 625 በመቶ ነበር። በዚህ መጠን ብድር ላይ 1 ነጥብ 17 በመቶ ማለት በዓመት 11 ነጥብ 7 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስሌቱ መጠኑን ለማሳየት የቀረበ እንጂ በዚያ ቦንድ ላይ በእርግጥ የተከፈለውን የሚገልጽ አይደለም። ሆኖም ጉዳዩ ከአካባቢ ጥበቃ መድረኮች አልፎ የገንዘብ ሚኒስቴሮች የሂሳብ ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት በቂ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ይህን ተጋላጭነት የሚመዝነውና ቁጥር የሚሰጠው ማን ነው የሚል ነው። ለጡረታ ፈንዶች፣ ለባንኮች፣ ለመድን ድርጅቶችና ለብድር ደረጃ አውጪ ኩባንያዎች የአየር ንብረት ስጋትን ተንትኖ የሚያቀርብ ባለሙያ ከሁለት አሥርት ዓመታት በፊት በስም እንኳ እምብዛም አይታወቅም ነበር። ዛሬ ግን በለንደን፣ በኒውዮርክ፣ በሲንጋፖርና በናይሮቢ የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣለት፣ ፈተና የሚሰጥበትና የራሱ የሥራ ደረጃ ያለው ሙያ ሆኗል። በኢትዮጵያ ሙያው ገና ጀማሪ ነው። የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን ተበታትኖ ይገኝ እንደሆነ እንጂ ጨርሶ የሌለ አይደለም።

ሙያው አሁን የያዘውን ቅርጽ እንዲይዝ ካደረጉት አጋጣሚዎች አንዱ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዢ የነበሩት ማርክ ካርኒ እ.ኤ.አ በመስከረም ወር 2015 በለንደን በሎይድስ የመድን ገበያ ያደረጉት ንግግር ነው። የንግግሩ ፍሬ ነገር ባንኮችና ባለሀብቶች የሚያቅዱት ለጥቂት ዓመታት ብቻ በመሆኑ፣ ጉዳቱ ጎልቶ በሚታይበት ጊዜ ለመከላከል ዘግይተው ይገኛሉ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በማይክል ብሉምበርግ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ በ2017 ኩባንያዎች ስለ አየር ንብረት ስጋታቸው ምን ምን መረጃ ይፋ ማድረግ እንዳለባቸው የሚዘረዝር የውሳኔ ሃሳብ አወጣ። ግብረ ኃይሉ ሥራውን አጠናቆ እ.ኤ.አ በ2023 ሲበተን፣ ክትትሉ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ለሚያወጣው ድርጅት ተላልፏል። ይኸው ድርጅት ያቋቋመው የዘላቂነት ደረጃዎች ቦርድ እ.ኤ.አ በሰኔ ወር 2023 "ኤስ 1" እና "ኤስ 2" የተባሉ ሁለት ደረጃዎችን ይፋ አድርጓል። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ የአየር ንብረትን የሚመለከት ነው።

ይህ ሰንሰለት ለኢትዮጵያውያን የሂሳብ ባለሙያዎች ያለው ትርጉም ቀላል አይደለም። አገሪቱ በ2006 ዓ.ም በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 አማካይነት ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ተቀብላ፣ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ወደዚያ ሥርዓት ለመሸጋገር ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተዋል። አዲሶቹ የዘላቂነት ደረጃዎች ከዚያው ምንጭ የተቀዱ፣ በዚያው አነጋገር የተጻፉና ከሂሳብ መግለጫ ጋር አብረው እንዲቀርቡ የታሰቡ ናቸው። ስለሆነም ያንን ሽግግር ያለፈ ኦዲተር ወይም የሂሳብ ባለሙያ ከባዶ አይጀምርም።

ለመሆኑ ተንታኙ የሚሠራው ምንድን ነው? በዘርፉ ስጋቶች በሁለት ይከፈላሉ። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ ሰደድ እሳት፣ ከባድ ሙቀትና የመሳሰሉት በንብረትና በምርት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አካላዊ ስጋት ይባላል። ሕግ፣ ቴክኖሎጂና የገዢ ፍላጎት ወደ አነስተኛ የካርቦን ልቀት ሲያዘነብሉ በኩባንያው ገቢ ላይ የሚያሳድሩት ጫና ደግሞ የሽግግር ስጋት ነው። ክፍፍሉን ማወቅ የአንድ ቀን ንባብ ሥራ ነው። አስቸጋሪው ነገር አንድ የአየር ሁኔታ ክስተት በየትኛው መንገድ ተጉዞ ወደ ኩባንያው የሂሳብ መዝገብ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ለዚህ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የደረሰው ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ፓስፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ የተባለው ግዙፍ የኃይል አቅራቢ ኩባንያ ለረጅም ጊዜ በባለሀብቶች ዘንድ አስተማማኝ ተብሎ ይታይ ነበር። ደንበኞቹ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ፣ ታሪፉ በመንግሥት የሚወሰን፣ ትርፉም የተረጋጋ በመሆኑ አክሲዮኑን የጡረታ ፈንዶች ይገዙት ነበር። እ.ኤ.አ ኅዳር 8 ቀን 2018 ንብረትነቱ የኩባንያው ከሆነ መቶ ዓመት ሊሞላው ከተቃረበ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ላይ አንድ ያረጀ የብረት መንጠቆ ተበጥሶ እሳት ተነሳ። ለወራት ዝናብ ያላገኘው ደን በከባድ ነፋስ ታግዞ ተቀጣጠለ፤ ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማም አወደመ። 85 ሰዎች ሞቱ። ኩባንያው ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ከዚህና ከቀደሙት ቃጠሎዎች የሚመጣበት ተጠያቂነት ከ30 ቢሊዮን ዶላር ሊበልጥ እንደሚችል በመግለጽ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

የተንታኞቹ ስህተት የት ላይ ነበር? ድርቁ የታወቀ ነው፤ የካሊፎርኒያ ደኖች መድረቅ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የመስመሩ እርጅናም በኩባንያው ዘንድ የሚታወቅ ነበር። ሦስተኛው ነገር ደግሞ ከአየር ንብረት ጋር ከቶ የማይገናኝ የሚመስል የሕግ መርህ ነው። በዚያ ግዛት የፍርድ ቤቶች አተረጓጎም መሠረት የኃይል አቅራቢው መሣሪያ እሳት ካስነሳ፣ ኩባንያው ቸልተኛ ባይሆን እንኳ ለወደመው ንብረት ካሣ ይከፍላል። የአየር ሁኔታውን የሚያውቀው ሳይንቲስት ሕጉን አያውቅም፤ ሕግ አዋቂው የደኑን መድረቅ አይከታተልም፤ የአክሲዮን ተንታኙ ስለ መንጠቆው አልሰማም። ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ የአክሲዮኑ ዋጋ አስቀድሞ ሌላ ይሆን ነበር። ሙያው በገበያ ተፈላጊ የሆነው ይህን ክፍተት ስለሚሞላ ነው።

የብድር ደረጃ አውጪ ኩባንያዎችም ዕውቀቱን በገንዘብ መግዛት ጀምረዋል። ሙዲስ እ.ኤ.አ በ2019 የአካላዊ ስጋት መረጃ የሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ የካሊፎርኒያ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ በ2021 ደግሞ ለመድን ድርጅቶች የአደጋ ሞዴል የሚሠራውን አር ኤም ኤስን ገዝቷል። ኤስ ኤንድ ፒ እና ኤም ኤስ ሲ አይ የተባሉት ተቋማትም ተመሳሳይ ግዢ ፈጽመዋል። ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ዳካ ወይም ስለ ማኒላ የሚወጣው የስጋት ቁጥር ከእነዚህ ሞዴሎች የሚመነጭበት ጊዜ እየበዛ ነው።

ሞዴሎቹ የሚመገቡት መረጃ ጥራት ታዲያ ወሳኝ ይሆናል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም መጨረሻ በድሬዳዋ የደረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን በሌሊት ቀጥፏል። ከተማዋ ቆላማና ከፊል በረሃማ ናት። የከተማዋን የዓመት አማካይ ዝናብ ብቻ የተመለከተ የሩቅ ተንታኝ የጎርፍ ስጋቷን ዝቅተኛ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ጎርፉ ግን የመጣው በከተማዋ ላይ ከዘነበ ዝናብ ሳይሆን ከበላይዋ ካሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ነው። ይህን ለማወቅ የአካባቢው ነዋሪ መሆን ወይም የተፋሰሱን ካርታ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በድሬዳዋ ፋብሪካ ለመትከል ገንዘብ የሚያበድር ባንክ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም ይፈጸማል፤ ምናልባትም ለታዳጊ አገሮች የበለጠ ጎጂው እሱ ነው። የእንግሊዝ የኪው የዕፅዋት ማዕከልና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በጋራ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ በ2017 ታትሟል። ጥናቱ ምንም ዓይነት እርምጃ ካልተወሰደ በአሁኑ ጊዜ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ይህ ቁጥር በዓለም መገናኛ ብዙኃን በስፋት ተሠራጭቷል። በዚያው ጥናት ውስጥ የሰፈረው ሌላው ግኝት ግን ያን ያህል አልተወራለትም። እርሻው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ቢሸጋገር፣ ደን ቢጠበቅና ቢስፋፋ ለቡና ተስማሚ የሚሆነው ስፋት ቢያንስ አራት እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል።

የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ የያዘ ሪፖርት ለባለሀብቱ ከኢትዮጵያ ቡና ራቅ በል የሚል ምክር ይሆናል። ሁለቱንም የያዘ ሪፖርት ደግሞ ገንዘቡ የትኛው ከፍታ ላይ፣ በምን ዓይነት የደን አያያዝና በስንት ዓመት ውስጥ ቢገባ እንደሚያዋጣ ይጠይቃል። ወይና ደጋውን ከደጋው የሚለይ፣ ቡና ለፍሬ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ፣ ገበሬውም መሬቱን ለቆ ወደ ላይ መውጣት የማይችል መሆኑን የሚረዳ ተንታኝ ጥያቄውን በትክክል ሊያነሳው ይችላል። ሁለተኛውን ሪፖርት ለመጻፍ ጥሩ ኮምፒውተር ብቻውን አይበቃም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ልምድ የሌላት አገር አይደለችም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2006 ከፈረንሳዩ አክሳ ሪ ጋር የገባው ውል የአንድን አገር የድርቅ ስጋት ወደ ዓለም አቀፍ የመድን ገበያ ካቀረቡት ቀዳሚ ሙከራዎች አንዱ ሲሆን፣ አገሪቱም ኢትዮጵያ ነበረች። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር፣ ከፍተኛው ክፍያ ደግሞ 7 ነጥብ 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ክፍያው የተመሠረተው በ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች በሚመዘገብ የዝናብ መጠን ላይ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ስለነበረ ክፍያ አልተፈጸመም። ውሉ ግን አንድ ነገር አስመስክሯል። በወረዳ ጣቢያ ተቀምጦ በየዕለቱ የዝናብ መለኪያ የሚያነብ ሠራተኛ የሚጽፈው ቁጥር በፓሪስ ዋጋ ሊወጣለት ችሏል።

ከሦስት ዓመት በኋላ በትግራይ አዲ ሃ በተባለ ቀበሌ 200 የሚሆኑ አርሶ አደሮች ለጤፍ ሰብላቸው በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ መድን ገቡ። ማረት፣ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ስዊስ ሪ፣ ንያላ ኢንሹራንስና ሌሎችም የተባበሩበት ይህ ፕሮግራም ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍል ፈቅዷል። በደቡብ በኩል ደግሞ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በመሆን እ.ኤ.አ በ2012 ለቦረና አርብቶ አደሮች መድን አቅርቧል። በዚህኛው የሚለካው ዝናብ ሳይሆን ከሳተላይት የሚታየው የግጦሽ ሣር ልምላሜ ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች የገጠማቸው ትልቁ ችግር ዛሬ በዎል ስትሪት ያሉ ተንታኞችን ከሚያስቸግረው የተለየ አይደለም። መለኪያው ደህና ነው ሲል የአንዱ ገበሬ ማሳ ይደርቃል። የዓመቱ ድምር ዝናብ አጥጋቢ ሆኖ ሳለ በመስከረም ጤፉ በሚያብብበት ሳምንት ዝናቡ ከተቋረጠ ምርት የለም። የመድኑን ውል የነደፉት ባለሙያዎች ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጠው የትኞቹ ሳምንታት እንደሚያሳስቧቸው መጠየቃቸው ለዚህ ነው። አማካይ ቁጥር ጉዳትን ይደብቃል። በልግና ክረምትን ደምሮ የሚያነብ ሞዴል የበልግ አብቃይ አካባቢዎችን ረሃብ አያይም።

የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎቱም ቢሆን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የምርምር ተቋማት ጋር በመተባበር የጣቢያ ምዝገባዎችን ከሳተላይት ምስል ጋር አዋህዶ፣ በአሥር ኪሎ ሜትር ርቀትና በየአሥር ቀኑ የተተነተነ የሠላሳ ዓመት የዝናብ መረጃ ማዘጋጀቱ ይታወሳል። ይህ አሠራር ከኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍቷል። በአየር ንብረት መረጃ ረገድ አገሪቱ ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ሰጪም ሆና ታውቃለች።

ወደ ሙያው መግባት ለሚሻ ወጣት የሚቀርቡት አማራጮች ብዙ ናቸው፤ የተሳሳቱትም አያንሱም። ጋርፕ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የስጋት ባለሙያዎች ማህበር እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ በዘላቂነትና በአየር ንብረት ስጋት ላይ ፈተና ይሰጣል። ሲኤፍኤ ኢንስቲትዩትም በእንግሊዝ አቻው እ.ኤ.አ በ2019 የተጀመረውን የምስክር ወረቀት ተረክቦ ለዓለም አቀርቦታል። ፈተናዎቹ የሙያውን ቋንቋ ያስተምራሉ፤ ቀጣሪ ማመልከቻውን እንዲያነብም ያግዛሉ። ሆኖም የምስክር ወረቀት የያዘው ሰው ቁጥር ከዓመት ዓመት እየጨመረ በመሆኑ ብቻውን የሚለይ ነገር መሆኑ አብቅቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚለየው ሁለተኛ ሙያ ነው። ሃይድሮሎጂ ተምሮ የሂሳብ መግለጫ ማንበብ የቻለ፣ ወይም በባንክ ብድር ክፍል ዓመታት ሠርቶ የጎርፍ ካርታ ማንበብ የለመደ ሰው ሁለቱን በየፊናቸው ከያዙት ሰዎች ይልቅ ይፈለጋል። በጥቅሉ "ዘላቂነት" በሚል ርዕስ ብቻ የተመረቀ ወጣት ግን በአብዛኛው ሪፖርት በማሳመር ሥራ ላይ ተወስኖ ይቀራል። በዚህ ረገድ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚቲዎሮሎጂና የውሃ ምህንድስና ምሩቃን፣ የወንዶ ገነት የደን ባለሙያዎች፣ በመድን ድርጅቶች ውስጥ ውል የሚገመግሙ ሠራተኞች ያላቸው መነሻ ከሚገምቱት በላይ ጠንካራ ነው።

ለመለማመጃ የሚሆነው መረጃ በአብዛኛው በነጻ ይገኛል። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ ከ1940 ጀምሮ ያለውን የዓለም የአየር ሁኔታ በየሰዓቱ ያቀርባል። ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ ከ1981 ወዲህ ያለውን በአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት ይዟል። ማዕከላዊ ባንኮች እ.ኤ.አ በ2017 ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ ትስስርም ባንኮች የወደፊቱን ለመገመት የሚጠቀሙባቸውን የአየር ንብረት ሁኔታዎች ለማንም ክፍት አድርጓል። ኤክሴልን በሚገባ፣ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ደግሞ በመጠኑ የሚያውቅ ሰው በእነዚህ ላይ መሥራት ይችላል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ችሎታ ግን ሊታለፍ አይችልም። ተንታኙ የሚከፈለው ለሞዴሉ ሳይሆን የኢንቨስትመንት ኮሚቴ አንብቦ ለሚወስንበት ሁለት ገጽ ነው።

የሥራ ቦታዎቹም በምዕራቡ ዓለም ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። የአፍሪካ ኅብረት ተቋም የሆነው አፍሪካን ሪስክ ካፓሲቲ ለአባል አገሮች የድርቅ መድን ያደራጃል፤ እ.ኤ.አ በ2015 ለሴኔጋል፣ ለሞሪታኒያና ለኒጀር ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል በናይሮቢ ይገኛል። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 2021 ባንኮች የአየር ንብረት ስጋትን በብድር አሠራራቸው እንዲያካትቱ መመሪያ በማውጣቱ፣ የአገሪቱ ባንኮች ለዚሁ የሚሆን ባለሙያ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሙያው ግን ፈተና አላጣውም። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን እ.ኤ.አ በመጋቢት ወር 2024 ያወጣው የአየር ንብረት መረጃ ደንብ ብዙም ሳይቆይ ታግዶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ኮሚሽኑ ራሱ በፍርድ ቤት መከላከሉን አቁሟል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ በጥር ወር 2025 ከማዕከላዊ ባንኮቹ ትስስር ወጥቷል። እ.ኤ.አ በ2021 የተመሠረተው የባንኮች የካርቦን ቅነሳ ጥምረትም እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 2025 ሥራውን አቁሟል። በውስጥ በኩል ደግሞ የደረጃ አውጪዎቹ አለመስማማት አለ። ስድስት ተቋማት ለኩባንያዎች የሰጡትን የዘላቂነት ነጥብ ያነጻጸረ እ.ኤ.አ በ2022 የታተመ ጥናት አማካይ ተዛማጅነታቸው 0 ነጥብ 54 ብቻ መሆኑን ደርሶበታል። በነጥብ ስም አረንጓዴ ቀለም የመቀባት ተግባርም ቅጣት አስከትሏል፤ ዲ ደብሊው ኤስ የተባለው የጀርመን ንብረት አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ በ2023 በአሜሪካ 19 ሚሊዮን ዶላር፣ እ.ኤ.አ በ2025 ደግሞ በአገሩ 25 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል።

ከዚህ በመነሳት ሙያው አክትሞለታል የሚሉ አሉ። ነጥብ በመስጠትና የቃል ኪዳን ሰነድ በማዘጋጀት ላይ የተመሠረተው ክፍል መቀዝቀዙ እውነት ነው። የአካላዊ ስጋት ስሌት ግን በፖለቲካ ስብሰባ አይታገድም። ስቴት ፋርም የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የቤት መድን ድርጅት እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 2023 በካሊፎርኒያ አዲስ የቤት መድን ማመልከቻ መቀበል ሲያቆም ምክንያቱ የግንባታ ዋጋ ንረትና የአደጋ መብዛት እንደሆነ ገልጿል። እ.ኤ.አ በጥር ወር 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ያ ውሳኔ ዳግም ተነስቷል። ሙያውን የሚመርጥ ወጣት የሥራ መደቡን ስም ሳይሆን ሥራውን ተከትሎ ቢሄድ ይሻለዋል።

በአገር ውስጥም ሁኔታዎች እየተለወጡ ናቸው። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ሥራ መጀመሩ ይፋ ሲሆን ወጋገን ባንክ አክሲዮኑን በማስመዝገብ የመጀመሪያው ሆኗል። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ባንክ ብድሩ በየትኛው አካባቢና በየትኛው ሰብል ላይ እንደተከማቸ የሚጠይቅ ባለሀብት ሊገጥመው ይችላል። በቡና ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ምንም እንኳ ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም፣ እያንዳንዱ የቡና ማሳ ያለበትን ትክክለኛ ስፍራ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ይህ ለላኪዎች የሽግግር ስጋት ነው። ለአበዳሪ ባንኮቻቸውም እንዲሁ።

የኃይል ዘርፉም ሌላ ትልቅ ርዕስ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚገኝ በመሆኑ፣ በ2001 ዓ.ም የግድቦች ውሃ ሲያንስ የመብራት ፈረቃ ፋብሪካዎችን እንዴት እንደጎዳ አይዘነጋም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግዙፍ ማጠራቀሚያው የአንድ ዓመት ድርቅን ለመቋቋም ያስችላል። በአንጻሩ ደግሞ የአገሪቱን ኃይል ሰፊ ድርሻ በአንድ ተፋሰስ ላይ ያከማቻል። ሁለቱ እንዴት እንደሚመዛዘኑ ማስላት የአገር ልጅ ሊሠራው የሚገባ የተንታኝ ሥራ ነው።

ጀማሪዎች የመጀመሪያ የሥራ ናሙናቸውን ለማዘጋጀት ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም። የአዋሽ ተፋሰስ ብቻ እ.ኤ.አ በ1954 ማምረት የጀመረውን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ በ1960 የተጠናቀቀውንና በደለል እየተሞላ ያለውን የቆቃ ግድብ፣ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎችንና የኢንዱስትሪ ከተሞችን ይዟል። ድርቅም ጎርፍም ይጎበኙታል። የዝናብ መረጃው በነጻ ይገኛል፤ ግድቡ ውሃ በሚለቅበት ጊዜ ወንዙ የትኛውን የሸንኮራ ማሳ እንደሚያጥለቀልቅ ደግሞ የእርሻው ሠራተኞች ያውቃሉ። ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ፋብሪካ ገቢ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በብር የሚያሰላ አሥር ገጽ ጽሑፍ፣ የሚቲዎሮሎጂና የሂሳብ ተማሪዎች በመመረቂያ ዓመታቸው በጋራ ሊሠሩት የሚችሉት ነው። በብራዚሏ ቤሌም በተካሄደው ጉባኤ በተወሰነው መሠረት የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ በ2027 አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ተወካዮቻቸውን እንደሚልኩ ይጠበቃል። ጽሑፉ እስከዚያ ለመድረስ በቂ ጊዜ አለው።